ከዲማ እስከ ጉለሌ፦ አሮጌው ከተማና ታላቁ ከተማ በሦስት የጎጃም ደራስያን ሕይወትና ሥራ

ስለ ገጠር ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አዲስ አበባም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ስለሚገኘው ስለ አሮጌው ትንሽ ከተማ፣ ማለትም በደብር ዙሪያ ተቆርቁሮ ለዘመናት ከኖረ በኋላ አጠገቡ የተነሣ ታላቅ ከተማ ጥላውን ስላጠላበት ከተማ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ከጥቂቱም መካከል ዋነኛው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሆኖ ሳለ፣ መጽሐፉን የፍቅር ታሪክ ወይም የባላባት ሥርዓት ክስ እያልን ስናነበው ኖርን እንጂ የከተማ መጽሐፍ ብለን ያነበብነው ስንቶቻችን ነን? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጽሐፉን በዚህ በኩል መመርመር፣ ከዚያም ከዚያው ከጎጃም ደጋ ከወጡ ከሌሎች ሁለት ጸሐፊዎች ጋር ማስተያየት ነው።

አስቀድሞ ስለ ሥፍራው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዛሬ ደብረ ማርቆስ የምንለው ከተማ በ1845 ዓ.ም. ገደማ በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ሲቆረቆር ስሙ መንቆረር ነበር። በ1873 ዓ.ም. የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ከተማው ስሙን ከደብሩ ወሰደ። እነ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ግን መንቆረር ከመቆርቆሩ ከመቶ ዓመታት በፊት ነበሩ። ደብር ነበራቸው፤ የቅኔና የመጻሕፍት መምህራን ነበሯቸው፤ ደብሩን የሚቀልብ የጉልት መሬትም ነበራቸው። ስለዚህ በዚህ አገር ታላቁ ከተማ በዕድሜ ታናሽ ነው። ታላላቆቹ ደግሞ ቀስ በቀስ የታናሹ ዳርቻ ሆኑ። ግብሩ፣ ችሎቱ፣ ሹመቱ፣ ኋላም አስፋልቱና ትምህርት ቤቱ ወደ ታናሹ ሄዱ። አሮጌዎቹ ከተሞች የቀራቸው ክብርና ትዝታ ነው፤ ክብርና ትዝታ ብቻውን የቀረው ሰው ደግሞ ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚያወጣ በፊታውራሪ መሸሻ እናያለን።

ፊታውራሪ መሸሻን ጨካኝ ባላባት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ጨካኝነታቸው አይካድም፤ ነገር ግን ጭካኔያቸው ከፍርሃት የሚወለድ ጭካኔ መሆኑን ደራሲው በረቀቀ መንገድ አሳይተውናል። ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል አጥተው ዕድሜዋ እንዲያልፍ ያደረጉት ሰው፣ በልባቸው የዲማን የጥንት ሚዛን የያዙ ናቸው። ሚዛኑ ከግቢያቸው አጥር ውጭ ዋጋው እየወደቀ ነው። ይህን ስለሚያውቁ ይሁን ስለማያውቁ ዘር ይቆጥራሉ፤ ይፎክራሉ፤ ባላገሩ እምቢ ሲላቸው ይዘምታሉ። ዘመቻው በአበጀ በለው በሚመሩት ገበሬዎች እጅ በመማረክ ሲያልቅ የምንስቀው ሣቅ የእውነት ሣቅ የሚሆነው፣ ሰውዬው የተሸነፉት በጠመንጃ ብቻ ሳይሆን በዘመንም መሆኑ ስለሚገባን ነው። መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ተነሣ፤ ዐመፁ ሞጣን፣ ቢቸናን፣ ዳሞትንና የደብረ ማርቆስን አካባቢ አዳረሰ፤ መንግሥትም አውሮፕላን እስከ መላክ ደረሰ። ደራሲው ትንቢት ተናግረዋል አልልም። የተወለዱበትን አገር ያውቁ ነበር፤ በቂ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ እምብርት እንግባ። በአሮጌው የደብር ከተማ ዳርቻ የሚኖረው ማነው? ከከተማው ታሪክ የሚበልጠው ክፍል የተጻፈው በማን ጉልበት ነው? በእኔ አስተያየት ዋናው ነዋሪ የቆሎ ተማሪው ነው። ከሩቅ አገር ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ ይመጣል። ከደብሩ ቅጥር አጠገብ እሱን በመሰሉ ልጆች ከተቀለሰች ጎጆ ይገባል። ጧት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል፤ ውሻ ይነክሰዋል፤ ቁራሽ ይሰጠዋል ወይም «እግዜር ይስጥህ» ተብሎ ይመለሳል። ማታ ከመምህሩ ፊት ቅኔውን ይዘርፋል። ይህ ልጅ ከተማው ውስጥ አለ፤ የከተማው ሰው ግን አይደለም። ርስት የለውም፤ ዘመድ የለውም፤ የሚበላው የገበሬውን እህል ነው፤ የሚናገረው ገበሬው የማይሰማውን ግእዝ ነው። ሲያድግ ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ መምህር ሆኖ የከተማው ጌጥ ይባላል፣ ወይ መንገዱን ይቀጥላል።

ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ኑሮ ከመጽሐፍ አላገኙትም። በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በእነ ደብረ ኤልያስ፣ በእነ ደብረ ወርቅና ዲማ ተምረውበታል። በዛብህን በማንኩሳ ወልደው፣ በወላጆቹ ስእለት ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተው ወደ ዲማ ሲያመጡት የሚጓዝበትን መንገድ ራሳቸው ያውቁታል። በመጽሐፉ ውስጥ ልብን ይዞ የሚሄደው ክፍል ለእኔ የሁለቱ ወጣቶች የፍቅር ቃል አይደለም። በዛብህ ከተማሪ ጎጆ ወጥቶ የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ሲገባ የሚደርስበት ግራ መጋባት ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ ከአንዱ ሠፈር ወደ ሌላው ሠፈር ተሻገረ፤ የተሻገረው ግን ከአገር ወደ አገር ያህል ነው። በእውቀቱ ከቤቱ ሰዎች ሁሉ ይበልጣል፤ በዘር ሚዛን ደግሞ ከሁሉ ያንሳል። የአሮጌው ከተማ ቅራኔ በዚህ ሰው አካል ውስጥ ገብቶ እንዲሄድ ተደርጓል።

ከዚህ በኋላ ግን አንድ የማልስማማበት ነገር አለ። በዛብህ ወደ ግቢው ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ከተማው ከመጽሐፉ እየወጣ ይሄዳል። ዲማ ወደ አንድ አጥር ግቢ ይጠብባል። የጎጆዎቹ ተማሪዎች ድምፅ ይርቃል፤ እህል የምትፈጨው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ ጠላ የምትጠምቀው ሴት የጌቶቹን ነገር ለማሳመር እንጂ ስለ ራሷ ስትናገር ብዙ አትሰማም። ሸማኔውና ቀጥቃጩ፣ ከደብሩ ጥላ ሥር እየኖሩ በደብሩ ሰዎች አፍ ይናቁ የነበሩት ባለእጆች፣ በመጽሐፉ ስፋት ልክ ቦታ አላገኙም። ጉዱ ካሳ የሁሉንም ቁጣ ብቻውን እንዲናገር ተገድዷል። ጉዱ ካሳ ድንቅ ፍጥረት ነው፤ ከልብ ወለዳችን ሰዎች ሁሉ አእምሮው የሚሠራ ሰው እሱ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም አንድ ከተማ ራሱን የሚተችበት አፍ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ያ አፍ እብድ መባሉ አይቀርም፤ ደራሲውም እብድ አሰኝተው ትተውታል።

ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ባነበበው ጊዜ መጽሐፉ ፊደል ያልቆጠረው ወገናችን ዘንድ ደረሰ። የዚያን ተዋናይ ድምፅ ማመስገን ለእኔ ቢጤ ተውኔት ጸሐፊ ግዴታ ነው። ነገር ግን ድምፁ በሕዝቡ ጆሮ ያስቀረው ፍቅሩንና እንባውን ነው፤ ዲማ እንደ ከተማ በጆሮ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን መነሻ አድርገው በየመድረኩ የሚቀርቡ ትርዒቶች ይህን ጉድለት አባብሰውታል። መሶብ ይወጣል፤ ጥልፍ ቀሚስ ይወጣል፤ ጎራዴ ይሰቀላል፤ «የጎጃም ባህል» ተብሎ ይጨበጨባል። ፊታውራሪ መሸሻ እንኳ አሁን አሁን የሚያስቁ፣ የሚወደዱ አያት እየሆኑ ነው። ገበሬው ያዋጣው እህል በመሶቡ ውስጥ ስለ መሆኑ ከመድረኩ አንድ ቃል አይሰማም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የወደቀው ሥርዓት፣ በኪነት ስም በጌጥ ተሽቆጥቁጦ ሲመለስ ዝም ብሎ ማየት ለመምህርም ለከያኒም አይገባም።

እዚህ ላይ ሁለቱን ሌሎች ጸሐፊዎች እናስገባ። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። ከዚያች የቅኔ ከተማ ወጥተው በአዲስ አበባ ከአማርኛ ተውኔት ቀዳሚዎች አንዱ ሆኑ፤ «አፋጀሽኝ» የእርሳቸው ነው። ፋሺስት አገሩን ሲይዝ በሱዳን ስደት ለነጻነት ታገሉ፤ በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ። የቅኔውን ሰምና ወርቅ ወደ መድረክ ማምጣታቸው ለእኛ ለተከታዮቻቸው ትልቅ ውርስ ነው። የደብረ ኤልያስን የቋንቋ ስንቅ ይዘው መጡ፤ የታዳሚያቸው ከተማ ግን አዲስ አበባ ሆነ። አልወቅሳቸውም፤ በዚያ ዘመን መድረኩ ሌላ ቦታ አልነበረም።

ተመስገን ገብሬም ከጎጃም የመጡ ናቸው። በ1941 ዓ.ም. የታተመው «የጉለሌው ሰካራም» የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ መጀመሪያ ተብሎ ይጠቀሳል። ርእሱን ልብ እንበል። ደራሲው ወደ ታላቁ ከተማ መጥተው ዓይናቸው ያረፈው በጉለሌ፣ ማለትም በከተማው ዳርቻ ላይ ነው። ተበጀ ሰካራሙ መኳንንት አይደለም፤ ሊቅ አይደለም፤ በዘሩ የሚታፈር ወይም የሚኮራ ሰው አይደለም። የሚታወቀው በሠፈሩ ነው። በፍቅር እስከ መቃብር የሰው ማንነት «የማን ልጅ ነህ?» በሚል ጥያቄ ሲለካ፣ ከዚያ በአሥራ ሰባት ዓመት በቀደመው በዚህ ትንሽ ታሪክ ግን «የት ነው የምትኖረው?» በሚለው ይለካል። እንደ እኔ ግምት በአማርኛ ልብ ወለድ አዲሱ የከተማ ሰው በአካል የታየው በዚህ ሥራ ነው። ተመስገን ገብሬ ለማየት የቻሉት ከአሮጌ ከተማ ስለ መጡ ይሆን? ከዳር የመጣ ሰው ዳሩን ይለየዋል።

ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ»ን ሲያሳትሙ ተማረ የተባለውን ወጣት ወደ ሸዋ ደጋ መልሰው ከአሮጌው ዓለም ጋር አጋጭተውታል። በመጽሐፉ ላይ ብዙ የሚባል አለ፤ እዚህ የማነሣው መንገዱ ወደ ኋላ መዞሩን ለማመልከት ብቻ ነው። ከታላቁ ከተማ ወደ ትንሹ የሚመለስ ሰው በሥነ ጽሑፋችን እምብዛም ነው፤ ቢመለስም በሰላም አይመለስም። በዛብህ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ሽፍታ መታው። ሰብለ ወንጌልም በመነኩሴ ልብስ ተሸሽጋ ከዲማ ስትወጣ የጠበቃት መቃብር ነው። ዲማን የለቀቀ ሁሉ ዲማን በሕይወት እንዳያገኘው መደረጉ፣ የዘመኑን እውነት ከማሳየቱ ጋር፣ ከእርሱ በኋላ ለጻፍነው ለሁላችን ልማድ ሆኖ ቀረ። የእኔ ትውልድ ግጥም ስለ ትውልድ ከተማ ሲናገር ወይ ያለቅሳል ወይ ይረግማል። እዚያ የቀረው ሰው ዛሬ እንዴት እንደሚኖር አይጠይቅም።

የቀረው ሰው ግን ይኖራል። ደብረ ማርቆስም ራሱ ዕጣው ተገልብጧል። የጎጃም ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ የነበረው አሁን የምሥራቅ ጎጃም ዞን መቀመጫ ነው፤ የክልሉ ርእሰ ከተማነት ለባሕር ዳር ሆኗል። ትናንት ዲማን ዳርቻው ያደረገ ከተማ ዛሬ ራሱ የሌላ ዳርቻ የመሆንን ስሜት ቀምሷል። በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ከየክፍለ አገሩ ተማሪ አምጥቶለታል፤ ከአዲስ አበባ በሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ቢሆንም፣ በዛብህ በእግሩ የተሻገረውን ዓባይን አዲሱ ድልድይ አቅርቦታል።

ለድርሰት የሚሆነው ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ያነሰና የቀረበ ነው። ከጎዛምን፣ ከማቻከል፣ ከአነደድ ቀበሌዎች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለመማር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመጣው ልጅ፣ ከጓደኞቹ ጋር በከተማው ዳር አንዲት ክፍል ይከራያል። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ወደ እናቱ ቤት ይሄዳል፤ እሑድ የሳምንት ስንቁን በጀርባው ተሸክሞ ይመለሳል። እንጀራው በሳምንቱ አጋማሽ ይሻግታል፤ ደርቆሹ ይቀጥላል። መጽሐፍ የሚያነበው በተራ ነው። ይህ ልጅ የቆሎ ተማሪው የልጅ ልጅ ነው። ደበሎው ተለወጠ፤ አኩፋዳው በላስቲክ ከረጢት ተተካ፤ ከተማ ውስጥ ሆኖ የከተማው ሰው አለመሆኑ ግን አልተለወጠም። በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤትም ሆነ በሌላው ፍቅር እስከ መቃብርን የሚያስተምር መምህር፣ ፊት ለፊቱ ከተቀመጡት ስንቶቹ በዛብህ እንደ ሆኑ ያውቃል። «የመጽሐፉ ጭብጥ ምንድን ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ስንቅህ መቼ አለቀ?» ብሎ ቢጀምር፣ ስለ ዲማ የሚያገኘው መልስ ከእኛ ከሐያስያኑ የበለጠ ይሆናል።

መጽሐፉን ወደ መድረክ ለማምጣት የሚያስቡ የሥራ ባልደረቦቼን አንድ ነገር እለምናለሁ። ከፊታውራሪ መሸሻ አዳራሽ አትጀምሩ። መጋረጃው ሲከፈት ከደብሩ ቅጥር ውጭ ያለች የተማሪ ጎጆ ትታይ። ሁለት ልጆች፣ አንድ ደበሎ ለሁለት፣ ባዶ አኩፋዳ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ጥልፍ ቀሚስም አያስፈልገውም። አንደኛው ልጅ ነገ ወደ ጌቶች ቤት ሊያስተምር ይገባል፤ ሁለተኛው ይቀራል። ሁለተኛው ምን እንዳለ ሐዲስ ዓለማየሁ አልጻፉልንም።