ልጁ ራሱ የሚያቅደው ልምምድ
የዕድገት የእንቅስቃሴ ቅንጅት ችግር የሚባለው፣ አንድ ልጅ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትም ሆነ የታወቀ የነርቭ ሕመም ሳይኖርበት፣ ጫማ ማሰርን፣ መጻፍንና ኳስ መቅለብን የመሳሰሉ ሥራዎችን ከእኩዮቹ በእጅጉ ዘግይቶና ተቸግሮ የሚማርበት ሁኔታ ሲሆን፣ ለትምህርት ከደረሱ ልጆች ከ5 እስከ 6 በመቶ በሚሆኑት ላይ እንደሚታይ ይገመታል። ለእነዚህ ልጆች ከተዘጋጁት የልምምድ ሕክምናዎች መካከል ሔለን ፖላታይኮና አንጄላ ማንዲች በካናዳ ያዳበሩት፣ በምኅጻረ ቃል «ኮ-ኦፕ» የሚባለው ዘዴ የተለየ ክብር ይገባዋል፤ ጡንቻን ወይም ሚዛንን ለብቻው ከማሠልጠን ይልቅ ልጁ ራሱ ሊችለው ከሚመኘው ሥራ፣ ለምሳሌ ብስክሌት ከመንዳት፣ ይነሣልና። ልጁ ግቡን ይሰይማል፣ አሠራሩን ያቅዳል፣ ይሞክራል፣ ከዚያም ዕቅዱ መሥራት አለመሥራቱን ይፈትሻል፤ ባለሙያው ደግሞ መልሱን እያወቀ እንኳ ከመናገር ተቆጥቦ፣ ብስክሌቱ ወዴት እንደሚያዘነብልና ዓይን ወዴት ማየት እንዳለበት ልጁ ራሱ እስኪደርስበት ድረስ በጥያቄ ይመራዋል። ከዘዴው ሁሉ እጅግ የሚደነቀው ይህ ትዕግሥት ነው፤ «ሰነፍ» ወይም «ቀርፋፋ» መባልን የለመደ ልጅ ያልተሳካ ሙከራውን ለቀጣዩ ዕቅድ ማረሚያ አድርጎ መመልከትን የሚማረው በእርሱ ነውና።