የማን ሰዓት ነው የተረፈው?

«ጊዜ ወርቅ ነው» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማለን። አባባሉ ከመለመዱ የተነሳ ትርጉሙን ቆም ብለን አንመረምረውም። ወርቅ ይሸጣል፤ ይለወጣል፤ ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል። ታዲያ ጊዜም እንዲሁ ነውን? ገንዘብ ያለው ሰው ከሌላው ላይ ጊዜ ሊገዛ ይችላልን? ይህ ጥያቄ የፈላስፎች ብቻ እንዳይመስልዎ። ገና ሳይነጋ ለታክሲ ለሚሰለፈው ሠራተኛም፣ ሱቁን ከመሸ በኋላ ለሚዘጋው ነጋዴም፣ ልጆቿን ተኝተው ትታ ወጥታ ተኝተው ለምታገኛቸው እናትም የየዕለት ጥያቄ ነው።

በዘመናችን አንድ አመለካከት ከአሜሪካ ተነስቶ በየአገሩ ተሰራጭቷል። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ዕድሜህን ለቀጣሪ አትሸጥ፤ በወጣትነትህ ሀብት አካብት፤ ከዚያ በኋላ ሀብትህ ይሥራልህ፤ አንተ ግን ጊዜህን ጠብቀህ በፋታ ኑር።» ይህን አመለካከት ካስፋፉት መጻሕፍት መካከል ሁለቱን በዚህ ጽሑፍ እንመዝናቸዋለን። ሁለቱም ብዙ እውነት ይዘዋል። ይሁን እንጂ አንደኛው እስከ መጨረሻው ሊጠይቀው የሚገባውን ጥያቄ ሳይጠይቅ አልፏል።

ሰዓትን በሕይወት የመዘነ መጽሐፍ

የመጀመሪያው መጽሐፍ ጆ ዶሚንጌዝና ቪኪ ሮቢን እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተሙት «ገንዘብህ ወይስ ሕይወትህ» የተሰኘው ነው። ዶሚንጌዝ በኒውዮርክ የገንዘብ ገበያ ይሠራ የነበረ ሰው ሲሆን፣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ መግቢያ ላይ ሥራውን ትቶ በጥቂት ገንዘብ መኖርን መረጠ። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ማለትም እስከ 1997 ድረስም ወደ ቅጥር ሥራ አልተመለሰም።

የመጽሐፉ ትልቅ ቁም ነገር በአንድ ስሌት ላይ የቆመ ነው። አንድ ሰው ደመወዙን በሥራ ሰዓቱ አካፍሎ «በሰዓት ይህን ያህል አገኛለሁ» ቢል ተሳስቷል ይላሉ ደራሲዎቹ። ወደ ሥራ ለመሄድና ለመመለስ የሚያጠፋው ጊዜስ? ለሥራ ብሎ የሚገዛው ልብስ፣ የሚከፍለው የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ከድካሙ ለማገገም የሚያወጣው ወጪስ? ይህ ሁሉ ሲታሰብ የሰዓቱ እውነተኛ ዋጋ እጅግ ያንሳል። እንግዲህ ሰውዬው ጫማ ሲገዛ የከፈለው ብር ብቻ ሳይሆን ከዕድሜው የተቆረጡ ሰዓታትን ጭምር ነው። «ይህ ዕቃ ስንት ሰዓት ሕይወት ያወጣል?» ብሎ መጠየቅን የለመደ ሰው ብዙ ነገር ሳይገዛ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እዚህ ላይ መጽሐፉን ማመስገን ፍትሐዊ ነው። ለፋታ የሚያደርሰውን መንገድ የሚጀምረው ፍላጎትን ከመቀነስ ነው። ጥቂት የሚበቃው ሰው ጥቂት ይሠራል፤ ያተረፈው ሰዓትም ከማንም የተወሰደ አይደለም። አባቶቻችን «መብቃቃት» ይሉት የነበረውን ጠባይ በቁጥር አስደግፎ ያስተማረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ደራሲዎቹ ከመጽሐፉ ያገኙትን ገቢ ለበጎ አድራጎት ማዋላቸውም ቃልና ተግባራቸውን ያቀራርባል።

ይሁን እንጂ ስለ ሁለተኛው እርከን ዝም ማለት አይገባም። ሰውዬው ሥራ ካቆመ በኋላ የሚኖረው በምንድን ነው? የመጀመሪያው እትም የሚመክረው ቁጠባን በአሜሪካ መንግሥት ቦንድ ላይ አስቀምጦ በወለዱ መኖርን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በታደሰው እትም ደግሞ የአክሲዮን ፈንድ ተጨመረበት። ከዚህ ጋር አብሮ የሚነገረው የ4 በመቶ ደንብ ዊልያም ቤንገን የተባለ የገንዘብ አማካሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ካቀረበው ጥናት የመጣ ነው። ቤንገን የአሜሪካን የአክሲዮንና የቦንድ ታሪክ መርምሮ፣ አንድ ጡረተኛ በመጀመሪያው ዓመት ከሀብቱ 4 በመቶ ቢያወጣና በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ቢያስተካክለው፣ ገንዘቡ ቢያንስ 30 ዓመት ሊቆይለት እንደሚችል አሳየ። ከዚህም በመነሳት «የዓመት ወጪህን 25 እጥፍ ካጠራቀምህ ነፃ ወጣህ» የሚለው ስሌት ተወለደ። በዓመት 40 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ሰው 1 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ልብ ይበሉ! ይህ ስሌት በአንድ አገር ገበያ ታሪክ ላይ የተሠራ ነው። የዋጋ ንረት እ.ኤ.አ. በ2022 ከ30 በመቶ በላይ በደረሰበት እንደኛ ባለ አገር፣ ብሩን በባንክ ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡ ሲሠራለት ሳይሆን ሲቀልጥበት ነው ያየው። ለሙስሊም አንባቢ ደግሞ ሌላም ጥያቄ አለ። በቦንድ ወለድ የሚገኝ ፋታ ሐላል ፋታ ነውን? በየዓመቱ ከተቀመጠ ገንዘብ ላይ የሚወጣው 2.5 በመቶ ዘካስ በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታው የት ነው? እነዚህን ሳይጠይቅ ቁጥሩን ብቻ የሚገለብጥ ሰው የሌላውን ሰው ልብስ ሳይለካ የለበሰ ይመስላል።

ሰዓትን ወደ ሌላ ያሻገረ መጽሐፍ

ሁለተኛው መጽሐፍ ቲሞቲ ፌሪስ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመው «የአራት ሰዓት የሥራ ሳምንት» ነው። ፌሪስ የምግብ ማሟያ ንግድ ነበረው፤ ንግዱ ገንዘብ ሲያስገኝለት ጊዜውን ግን በላበት። ከዚህ ለመውጣት ያደረገውን ሙከራ ነው መጽሐፍ ያደረገው።

ይህም መጽሐፍ የሚመሰገንበት አለው። ሰው ደስታውን ሁሉ እስከ ጡረታ አዘግይቶ፣ ጉልበቱ ካለቀ በኋላ «አሁን ልኑር» ማለቱን ይተቻል። ትችቱ ትክክል ነው። በሥራ ቦታ መወራጨት ሁሉ ሥራ አለመሆኑን፣ ከምንሠራው አብዛኛው ውጤት የሚመጣው ከጥቂቱ መሆኑን፣ ለአንድ ሥራ ሰፊ ጊዜ ከተሰጠው ሥራው ጊዜውን ሁሉ እንደሚሞላው ያስረዳል። በየቢሮው ለአንድ ፊርማ ሦስት ቀን የተመላለሰ ሰው ይህን አይክድም።

ዳሩ ግን ፌሪስ የማይረባውን ሥራ ካስወገደ በኋላ የሚቀረውን ሥራ ምን ያደርገዋል? ለሌላ ይሰጠዋል። የእርስዎ አንድ ሰዓት ከሌላው ሰው አንድ ሰዓት በላይ የሚያወጣ ከሆነ ሥራውን ለእርሱ አሻግሩ ነው ምክሩ። በሕንድ አገር ተቀምጠው በሰዓት በጥቂት ዶላር ደብዳቤ የሚመልሱ፣ ቀጠሮ የሚይዙ፣ ግዢ የሚፈጽሙ ረዳቶች መቅጠርን ያስተምራል። በመጽሐፉ ውስጥ የተካተተው የኤ. ጄ. ጃኮብስ ጽሑፍ ነገሩን እስከ ዳር ይወስደዋል። ይህ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ጉዳዮቹን ሁሉ ለሕንዳውያን ረዳቶች ካስረከበ በኋላ ጭንቀቱን ሳይቀር እንዲጨነቁለት ጠይቋል! ጽሑፉ ለቀልድ የተጻፈ ቢሆንም ቀልዱ ውስጥ እውነት አለ። የአንዱ ፋታ በሌላው ሰው ሌሊት ላይ ተዘርግቷል።

ልዩነቱን እናስተውል። የመጀመሪያው መጽሐፍ ሥራውን ይቀንሰዋል። ሁለተኛው ግን ሥራውን ያዛውረዋል። የተዛወረ ሥራ አልጠፋም፤ ከዓይን ብቻ ራቀ።

ኢብን ኸልዱን ምን አስተዋለ?

ይህን ነገር ከስድስት መቶ ዓመታት በፊት ያስተዋለ ሊቅ አለ። ኢብን ኸልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፈው «ሙቀዲማ» ውስጥ፣ ሰዎች የሚያገኙት ትርፍ በመሠረቱ የሰው ሥራ ዋጋ መሆኑን ያስረዳል። ከዚያም አልፎ ማዕረግ ያለው ሰው ለምን በቀላሉ እንደሚበለጽግ ይመረምራል። መልሱ ግልጽ ነው። ሰዎች ሊቀርቡት ስለሚፈልጉ ጉልበታቸውን ያለ ዋጋ ያበረክቱለታል፤ ሊከፍልበት የሚገባው ሥራ በነፃ ስለሚሠራለት ያ ዋጋ ሀብቱ ሆኖ ይከማቻል። የዛሬው «ገንዘቤ ይሠራልኛል» የሚል ሰው ይህን ቢያነብ ገንዘብ እጅና እግር እንደሌለው ያስታውስ ነበር። የሚሠራው ሁልጊዜ ሰው ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ

ውድ አንባቢ! ሥራን ማዛወር የአሜሪካና የሕንድ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። ሪያድ፣ ኩዌትና ቤይሩት ባሉ ቤቶች ውስጥ የእመቤቲቱ ፋታ ከየት እንደመጣ የኢትዮጵያ ገጠር እናቶች ያውቁታል። ከወሎ፣ ከአርሲና ከጅማ የሄዱ ልጆቻቸው ናቸው ያን ፋታ የሚሠሩት። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችው ሕግ የቤት ሠራተኛ ሳምንታዊ የእረፍት ቀን እንዲኖራት፣ በቀንም ከ12 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ ደንግጓል። ድንጋጌው መልካም እርምጃ ነው። ነገር ግን ሕግ መጥቶ እንኳ ወሰኑ 12 ሰዓት ከሆነ፣ ከሕጉ በፊት የነበረው ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያዳግትም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባጸደቀው 189ኛ ስምምነት ለቤት ሠራተኞች በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት እረፍት ይገባል ብሏል። ለፋብሪካ ሠራተኛ የ8 ሰዓት ቀን በስምምነት የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ1919 መሆኑን ስናስብ፣ የቤት ሠራተኛዋ ሰዓት ለመቆጠር ከ90 ዓመት በላይ ጠብቃለች ማለት ነው።

ባሕር ማዶ ላለው ማዘናችን ተገቢ ነው። የራሳችን ጓዳስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 እንዳይበልጥ ይላል። በግለሰብ ቤት የሚሰጥ አገልግሎት ግን ከአዋጁ ውጭ ሆኖ ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲታይ ተትቷል። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ቀድማ ተነስታ ኋላ የምትተኛው ልጅ ሰዓቷን የሚቆጥርላት የአሠሪዋ ኅሊና ብቻ ነው። እርሷ እንጀራ ስትጋግር፣ ልብስ ስታጥብ፣ ሕፃን ስታባብል ነው እኛ «ትርፍ ጊዜ» አግኝተን ስለ ጊዜ አጠቃቀም መጽሐፍ የምናነበው!

ቤት ሠራተኛ መቅጠር ነውር ነው እያልን አይደለም። ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ እንጀራ ነው፤ ለብዙ ቤተሰብም መተዳደሪያ ሆኗል። የሕንዱ ረዳትም ቢሆን ሥራውን ፈልጎት ሊሆን ይችላል። የምንለው ሌላ ነው። የሌላውን ሰዓት የገዛ ሰው ያ ሰዓት ሕይወት መሆኑን መዘንጋት የለበትም። ዶሚንጌዝና ሮቢን «ገንዘብህ የሕይወትህ ሰዓት ነው» ብለው ያስተማሩት እውነት ከሆነ፣ ለሠራተኛዋም እውነት ነው። ለባለቤቱ ሲሆን ሰዓት ሕይወት፣ ለሠራተኛዋ ሲሆን ግን ሰዓት ርካሽ ዕቃ ሊሆን አይችልም።

ፋታው ለምን?

ሌላው ሁለቱንም መጻሕፍት የሚያገኛቸው ጥያቄ ይህ ነው። እንግሊዛዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬንስ እ.ኤ.አ. በ1930 በጻፈው ድርሰት፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ መሥራት እንደሚበቃው ተንብዮ ነበር። ቀጠሮው 2030 ነው፤ ደርሷል ማለት ይቻላል። ሀብቱ በብዙ አገር ከጠበቀው በላይ አደገ፤ የ15 ሰዓቱ ሳምንት ግን አልመጣም። ኬንስ ራሱ የፈራው ሌላ ነገር ነበር። ሰው ከኑሮ ጭንቀት ሲላቀቅ በነፃነቱ ምን እንደሚሠራ አያውቅም የሚል ስጋት ነበረው። ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። ዛሬ ግማሽ ሰዓት ያገኘ ሰው ግማሽ ሰዓቱን ለስልኩ ያስረክባል።

ለመሆኑ ሊዛወር የማይችል ሥራ የትኛው ነው? ሶላትን በውክልና ማሰገድ አይቻልም። ሐጅ እንኳ በሌላ ሰው የሚፈጸመው ለማይችል ወይም ለሞተ ሰው ነው። የታመመ ወላጅን ሄዶ መጠየቅ፣ ልጅን ማስጠናት፣ ጎረቤትን ማስተዛዘን፣ ከትዳር ጓደኛ ጋር መወያየት በክፍያ አይተላለፉም። ቢተላለፉም ያ ነገር ራሱ አይደሉም። እንግዲህ ጊዜን መጠበቅ ትርጉም የሚኖረው የተጠበቀው ጊዜ ለእነዚህ ሲውል ነው። ሌላውን ሥራ ሁሉ አዛውሮ እነዚህንም ያዛወረ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት ይመስላል።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ እነዚህን መጻሕፍት ያንብቡ ብንልዎ ከልባችን ነው። የመጀመሪያውን ስሌት በእውነት ይሥሩት። ነገር ግን አንድ ዓምድ ይጨምሩበት። በወረቀቱ በአንድ ወገን በዚህ ሳምንት ያተረፉትን ሰዓት ይጻፉ። በሌላው ወገን ያን ሰዓት ማን እንደሠራው፣ ምን እንደተከፈለው፣ እርሱስ በሳምንቱ ውስጥ ለዒባዳው፣ ለትምህርቱ፣ ለእንቅልፉ የሚሆን ሰዓት ተርፎት እንደሆነ ይጻፉ። በወጪ ቅነሳ የተገኘው ሰዓት ከሆነ ማንም ዕዳ የለበትም። ከሠራተኛዋ ሌሊት የተገኘ ከሆነ ግን ገና ያልተከፈለ ሒሳብ አለ፤ መክፈያውም ተጨማሪ ብር ብቻ አይደለም። ለማታ ትምህርት የምትወጣበትን ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ከበሩ ውጭ የምትሆንበትን ነፃነት መመለስ ነው።

ያን ያደረገ ሰው ፋታው ይቀንስበት ይሆናል። የቀረው ግን የራሱ ነው።