ሳያስቆጡ መጠየቅ

ደም መደረብ የተማርኩት ትንፋሼን ይዤ ነው። ከቱቦው ሥር ፊኮል የሚባል ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ፤ በላዩ ላይ በጨው ውሃ የቀጠነውን ደም ማስተኛት ነው ሥራው። ቱቦውን ታዘነብላለህ፤ የፒፔቱን ጫፍ ከግድግዳው ታስጠጋለህ፤ ደሙ ራሱ እየተንሸራተተ ይወርዳል። እጅህ ከቸኮለ ሁለቱ ይደባለቃሉ፣ ያ ደም ደግሞ ምትክ የለውም፤ የሰጠችህ ሴት ምናልባት አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ አገሯ ሄዳለች።

ከዚያ ሴንትሪፉጁ ይቀጥላል። ፍሬኑ መጥፋት አለበት፤ ማሽኑ በድንገት ከቆመ የተደረደረው ሁሉ ይናወጣል። ቀስ ብሎ ሲቆም ቀዩ ከታች ዘቅጦ፣ ቢጫው ፕላዝማ ከላይ ቀርቶ፣ በመሃል እንደ ወተት ስልባቦት የሳሳ ነጭ ቀለበት ይታያል። ሊምፎሳይትና ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ያሉት እዚያ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመው አርነ ቦዩም የሚባል ኖርዌያዊ ነው፤ ማሽኖቹ ሁሉ ተለዋውጠው እንኳ የእጁ ሥራ ብዙም አልተለወጠም።

የማጠናው መቆጣትን ነው። በመጽሐፍ «ብግነት» እንለዋለን፤ ቤት ውስጥ ግን «ቁስሉ ተቆጣ»፣ «ቶንሲሉ ተቆጥቷል» ነው የሚባለው። ደግሞም ሁለቱም ቃላት መጀመሪያ የተነገሩት ለሰው ነው፤ የሚበግነውም የሚቆጣውም እሱ ነው። ላቲኖች ስሙን ከእሳት ወሰዱት፤ ሮማዊው ኬልሰስም ምልክቶቹን መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና ሕመም ብሎ በአራት ቆጠራቸው። አማርኛ ግን ከእሳቱ አልፎ ነገሩን ባለቤት ሰጠው። የተቆጣ ሰው ስናይ «ማን ነካህ?» እንላለን። የእኔ ሙያ ከዚህች ጥያቄ ብዙም አይርቅም።

ጥያቄዋን የማቀርበው ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ደም ነው። የበሽታውን ባክቴሪያ ጌርሃርድ አርማወር ሃንሰን በርገን ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1873 አገኘው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከአለርት ሆስፒታል ጎን ያለው የምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1970 በእሱ ስም ተመሠረተ። ባክቴሪያው ከተገኘ ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ እስካሁን በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ ሊያበቅለው የቻለ የለም። እ.ኤ.አ. በ1960 በአይጥ መዳፍ ውስጥ ማራባት ተቻለ፤ በኋላም በአርማዲሎ። አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ብርድ ይወዳል፤ ቆዳንና ከቆዳ ሥር ያሉ ነርቮችን የሚመርጠውም ለዚህ ነው። በሌላ በሽታ ተመራማሪው ጀርሙን በሳህን ላይ አብቅሎ ይመረምረዋል፤ እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የሰውነትን መልስ ብቻ ነው።

መልሱም አንድ ዓይነት አይደለም። ሪድሊና ጆፕሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ሕሙማኑን በአንድ መስመር ላይ ደረደሯቸው። በአንደኛው ዳር ያሉት ሰውነታቸው አጥብቆ ይዋጋል፤ ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ ተፈልጎም ላይገኝ ይችላል፣ ነርቩ ግን በፍልሚያው መሃል ይጎዳል። በሌላው ዳር ያሉት ሰውነታቸው ባክቴሪያውን እንዳላየ ያልፈዋል፤ ቆዳቸው ውስጥ በቢሊዮን ይቆጠራል። ዝም ያለውም የተቆጣውም ይታመማል። በትምህርት ቤት «የመከላከል አቅም ሲጨምር ጤና ይጨምራል» ብዬ ለያዝኩት እምነት የመጀመሪያው ፈተና ይህ መስመር ነበር።

ሁለተኛው ፈተና አንዲት እናት ናቸው። ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን የያዘውን የአሥራ ሁለት ወር መድኃኒት አንድም ቀን ሳያጓድሉ ጨርሰዋል። ከወራት በኋላ ግን ትኩሳት ይዟቸው፣ ፊታቸውና ክንዳቸው በሚያሙ ቀያይ እብጠቶች ተሞልቶ ተመለሱ። ደም ልቀዳ ስቀርብ «ልጄ፣ ድነሻል ብላችሁኝ አልነበረም?» አሉኝ። ሐኪሞቹ ሪአክሽን ይሉታል፤ ሁለተኛው ዓይነት። መድኃኒቱ አብዛኛውን ባክቴሪያ የሚገድለው በመጀመሪያው ወር ነው፤ ሬሳው ተጠርጎ እስኪያልቅ ግን ዓመታት ይፈጃል። አንዳንዱ ሰውነት ያን ትርፍራፊ እንደ ሕያው ጠላት ይነሳበታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ማለት ይኸው ነው።

ለዚህ ቁጣ እኛ ዘንድ የሚሰጠው በዋናነት ፕሬድኒሶሎን ነው። ይሠራል፤ ትኩሳቱ ይበርዳል፣ እብጠቱ ይሟሽሻል። ችግሩ መጠኑ ሲቀነስ ቁጣው መመለሱ፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድም ስኳር ማምጣቱ፣ አጥንት ማሳሳቱና ተኝቶ የነበረ ሳንባ ነቀርሳ መቀስቀሱ ነው። ዘበኛው ሲረብሽ ሁሉንም ዘበኞች ማስተኛት እንደማለት። ሌላው መድኃኒት ታሊዶማይድ ክፉ ስም ያለው ነው፤ ነፍሰ ጡሮች ወስደውት ስንት ሕፃናት አካላቸው ሳይሟላ ስለተወለዱ እ.ኤ.አ. በ1961 ከገበያ የወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያዕቆብ ሼስኪን የተባለ ሐኪም በኢየሩሳሌም እንቅልፍ ላጣ የሥጋ ደዌ ታማሚ ለማስተኛት ብሎ ሰጠው፤ ሪአክሽኑም አብሮ በረደ። ምክንያቱ ጥቂት የተብራራው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ መድኃኒቱ ሞኖሳይቶች ቲ ኤን ኤፍ የተባለውን የቁጣ መልእክተኛ እንዳያመነጩ ይገታል። መድኃኒቱ መሥራቱ ታውቆ ለምን እንደሠራ እስኪታወቅ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ አለፈ። በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው እኔን የመሰሉ ሰዎች እንጀራ የሚበሉት።

ቲ ኤን ኤፍ ነው እኔንም ያሳፈረኝ። ጀማሪ ሳለሁ፣ ሥራውን በተማርኩበት ላቦራቶሪ፣ የሕሙማኑ ሕዋሳት ምንም ሳልጨምርባቸው ቲ ኤን ኤፍ ሲያመነጩ አየሁ። መጠኑን በቀለም የሚያሳየው የኤላይዛ ፕሌት ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆነ፤ ያልተነኩት ጉድጓዶች ሳይቀሩ። ግኝት መሰለኝ፤ ሌሊቱን የጽሑፉን ርእስ ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ። ጠዋት ለአንጋፋው ቴክኖሎጂስት አሳየኋቸው። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ፕሌቱን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩና «ያንተስ?» አሉኝ። አልገባኝም። «ያንተ ደም አብሮ አለ ወይ?» አልነበረም። እጅጌዬን ሰበሰብኩ፤ ራሳቸው ቀዱልኝ። ሙከራውን ስንደግመው የእኔም ጉድጓዶች ቢጫ ሆኑ።

ጥፋቱ የሕዋሳቱን ፈሳሽ ካዘጋጀሁበት ውሃ ተገኘ። በውስጡ የነበሩት ባክቴሪያዎች በአውቶክሌቩ የእንፋሎት ሙቀት ሞተዋል፤ ከልባሳቸው የሚቀረው ኢንዶቶክሲን ግን በዚያ ሙቀት አይጠፋም። የብርጭቆ ዕቃን ከእሱ የሚያጸዳው 250 ዲግሪ የደረሰ ደረቅ ሙቀት ነው። ሞኖሳይት ደግሞ ግራም ለትሪሊዮን ተከፍሎ በሚለካ መጠን እንኳ ይቆጣል። የበሽታው ቁጣ ብዬ ያየሁት እኔው በገዛ እጄ ያስቆጣሁትን ነበር። ሕዋሶቼም እንደዚያች እናት ሰውነት የተነሱት በሙት ባክቴሪያ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ፕሌት ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ባልነካሁት ረድፍ ላይ ነው። ደሙ ስንት ሰዓት ቆየ? ማን አናወጠው? ውሃው ከየት መጣ? የሥራዬ ትልቁ ድርሻ ደሙን ሳላስቆጣው እስከ ጥያቄው ማድረስ ሆኖ አገኘሁት።

ይህም ሆኖ ዘዴያችን ራሱ የሚያዳላበት ነገር አለ። በሪአክሽን እብጠት ውስጥ በብዛት የሚታዩት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ፊኮል ደግሞ ኒውትሮፊሎችን ከቀዩ ደም ጋር ወደ ታች ያዘቅጣል። ነጩን ቀለበት ቀድተን ቀዩን ስንደፋ ከተቆጡት ዋናዎቹን አብረን ደፍተናል። ኒውትሮፊል እንደ ሊምፎሳይት በረዶ ውስጥ ተቀምጦ ለነገ አይቆይም፤ መጠየቅ ያለበት በዚያው ቀን፣ በሰዓታት ውስጥ ነው። አሁን ቀዩን መድፋት ትቻለሁ፤ ቀኔም በዚያው ልክ ረዝሟል።

ለዚያች እናት የመለስኩላቸው ቆይቼ ነው፤ ለሁለተኛ ጊዜ ደም ሊሰጡ ሲመጡ። «እማማ፣ በሽታው ሞቷል። ሰውነትዎ ግን መሞቱን ገና አላመነም» አልኳቸው። ክንዳቸውን ለመርፌው እያመቻቹ ትንሽ አሰቡ።

«እንግዲያው በመድኃኒት ዝም አታሰኙታ» አሉ። «ቀስ ብላችሁ አስረዱት እንጂ፣ ልጄ።»

ማስረጃውን ገና አላገኘሁላቸውም። ደማቸውን ግን ቱቦውን አዘንብዬ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ትንፋሼን ይዤ አስተኛሁት።