ትንፋሽና ማሽን

የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የዜማችንን ነፍስ ነጥቋል የሚል ወቀሳ ዘወትር ይሰማል። የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» ያደመጠ ግን ወቀሳው ከመሣሪያው ይልቅ ተጫዋቹን ሊመለከት እንደሚገባ ይረዳል።

የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ኃይሉ ከባንዱ ጋር ወደ አሜሪካ ተጉዞ በዚያው ቀረ። ይህን አልበም እ.ኤ.አ. በ1985 ሲቀርጽ ባንድ አላስከተለም። ምቱን ለድራም ማሽን ሰጠ፤ አጀቡን በሲንተሳይዘርና በኤሌክትሪክ ፒያኖ ሞላ፤ የቆዩትን ዜማዎች ለወጣትነቱ መሣሪያ ለአኮርዲዮን ተወ።

ማሽኑ አይፈጥንም፣ አይዘገይም፣ አይደክምም። አኮርዲዮኑ ግን ይተነፍሳል፤ ከምቱ ወደ ኋላ ቀረት ይላል፣ አንዷን ድምፅ እያንቀጠቀጠ ያቆያል፣ ከዚያ ሳይታሰብ ይደርስበታል። ትንፋሹ እንዲህ ጎልቶ የሚሰማው ከሥሩ ያለው ምት ግትር በመሆኑ ነው፤ ሕያው ከበሮ መቺ ቢኖር ኖሮ አብሮት ባዘገመ ነበር። እርግጥ ምቱ ከዜማ ዜማ እምብዛም አለመለዋወጡ አንዳንዱን አድማጭ ያሰለቻል።

ካሴቱን አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮዊትዝ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም አሳተመው። ኃይሉ ያኔ የዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ነበር፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ በባትሪ በሚሠራ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር።