አውሬው አይቀልድም

ከእኔ ዘንድ የፊልም ኤዲቲንግ የሚለማመድ አንድ ወጣት፣ የኮሪያ ሰዎች ስለ ገዳይ አውሬ የሚሠሩትን፣ ሣቅና ድንጋጤ የተቀላቀለበትን የፊልም ዓይነት ሲመለከት ከሰነበተ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ አውሬው በስንተኛው ደቂቃ ቢታይ ይሻላል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ከየት እንደ መጣ አላጣሁትም፤ የሙያ ባልደረቦቼ አብዛኞቹ ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ጆውስ» እንደ ሕገ ኦሪት ይዘው፣ አውሬን መሰወር የጥበብ ሁሉ መጀመሪያ ነው እያሉ ያስተምራሉና። ዳሩ ግን ያን ሕግ በከፊል የደነገገው ችግር ነው፤ ለፊልሙ በብረትና በሞተር የተሠራው ሻርክ የባሕሩን ጨው አልችል ብሎ በየጊዜው ስለ ተበላሸ፣ ዲሬክተሩ በሙዚቃና በውሃ እንቅስቃሴ ለማስፈራራት ተገደደ። ችግር የወለደው ብልሃት ባይናቅም፣ ለዓለም ሁሉ ቀኖና ሊሆን ግን አይገባውም።

ቦንግ ጁን ሆ በ2006 ባወጣው፣ «ዘ ሆስት» ተብሎ በሚታወቀው ፊልም፣ ይህን ቀኖና በጠራራ ፀሐይ ሻረው። ፊልሙ ገና ከመጀመሩ፣ ሴኡል ላይ ከድልድይ ሥር ተንጠልጥሎ የነበረው ፍጡር ወደ ሀን ወንዝ ይወርዳል፤ በዳርቻው የሚዝናናው ሕዝብም ይሸሻል ሲባል፣ እንደ ትርኢት ከቦ የሚበላና የሚጠጣ ነገር ይወረውርለታል። ጥቂት ቆይቶ አውሬው በየብስ ላይ እየጋለበ ሲመጣ ሁሉም ይበተናል፤ አንዲት ሴት ግን ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና፣ ከኋላዋ የሚሆነውን ሳታውቅ ተቀምጣለች። ሶንግ ካንግ ሆ የሚጫወተው ሰነፍ አባትም የልጁን እጅ የያዘ መስሎት የሌላ ሰው ልጅ እየጎተተ ይሮጣል፤ ዞር ሲልም የራሱ ልጅ ወደ ኋላ ቀርታለች። ተመልካቹ የሣቀበት አፉ ሳይዘጋ ልጅቱ ተወሰደች።

እንግዲህ የእኔ ክርክር ይህ ነው፦ ቁም ነገሩ አውሬው የሚታይበት ሰዓት ሳይሆን፣ በሚታይበት ጊዜ ገና ያላየው ሰው ማን እንደ ሆነ ነው። ሁሉም ሰው እኩል አይቶ እኩል ቢጮህ የጦር ሜዳ ፊልም ይሆናል፤ ማንም ባያይ ደግሞ እንቆቅልሽ ይሆናል። አንዱ አይቶ ምላሱ ሲታሰር፣ ሁለተኛው ጀርባውን ሰጥቶ ስለ ዕዳው ሲጨቃጨቅ፣ ሁለቱም በአንድ ሾት ውስጥ ሳይቆረጡ ሲቆሙ፣ ሣቁና ፍርሃቱ ከአንድ ማሕፀን ይወለዳሉ። ይህን ሾት ለሁለት የሚቆርጥ ኤዲተር፣ በአንዱ ፍሬም ቀልድ በሌላው ሽብር አስቀምጦ፣ ዘይትና ውሃ ያቀርብልናል።

ሣቁ ከሰዎቹ፣ ፍርሃቱ ከአውሬው ስለሚመጣም፣ አውሬው ራሱ ፈጽሞ መቀለድ የለበትም። ሺን ጁንግ ዎን በ2009 «ቻው» በተባለው ፊልሙ፣ በጂሪ ተራራ ግርጌ ወዳለች ጸጥተኛ መንደር ግዙፍ የዱር አሳማ ሲያመጣ፣ ከሴኡል ተዛውሮ የመጣውን ፖሊስ፣ ገበያተኛ እንዳይሸሽባቸው የሚጨነቁትን የመንደር ሹማምንትና ዝነኛውን አዳኝ አንድ በአንድ መሣቂያ አድርጓቸዋል፤ አሳማው ግን ከመራቡና ከመግደሉ በቀር ሌላ ግብር የለውም። የኮሪያ ተመልካችም በዱር አሳማ አይቀልድም፤ ነብር ከአገሩ ከጠፋ ወዲህ የሚያድነው ያጣው ይህ እንስሳ እርሻ ያወድማል፣ አልፎ አልፎም ሴኡል ከተማ ድረስ ይገባል። ለፊልሙ ክብደት የሚሰጠው ይህ እውነተኛ ፍርሃት ነውና፣ አሳማውን ዓይን አፍጥጦ እንዲያሾፍ ማድረግ የፊልሙን ምሰሶ መንቀል ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ተዋናዩ ባዶ ቦታ አይቶ መፍራቱ ነው። አውሬው በኮምፒውተር የሚሣለው ኋላ ስለ ሆነ፣ በቀረጻው ጊዜ አንድ ረዳት በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ኳስ ሰክቶ ይሮጣል፤ ተዋንያኑም ኳሱን የአውሬው ዓይን አድርገው ይከተሉታል። የአንዱ ዓይን አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ቢል፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ አውሬው ሐሰት መሆኑ ይሰማዋል። እኔም በኤዲቲንግ ጠረጴዛ ላይ አስቀድሜ የምመረምረው ዓይኖችን ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ ከፍታ ሲያዩ፣ አንዱ ብቻ ወደ ሌላ ሲመለከት ካገኘሁ፣ ዲሬክተሩ ቢቃወምም ያን ሾት አላሳልፈውም።

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ ሬሣ ባለበት የሚሥቅ ሰው በመንፈስ የታመመ ነው ይሉ ነበር። በዚያው በ«ዘ ሆስት» ውስጥ፣ የሙታን ፎቶግራፍ በተደረደረበት አዳራሽ፣ ቤተ ሰቡ እርስ በርሱ ተያይዞ መሬት ላይ እየተንከባለለ ሲያለቅስ፣ ጋዜጠኞች ከበው ፎቶ ሲያነሡ፣ ቢጫ መከላከያ ልብስ የለበሰ ሹም ደግሞ በክብር ገብቶ አዳልጦት ሲወድቅ ባየሁ ጊዜ፣ ሣቄ ከዕንባዬ ቀደመኝ። አባቴ ቢያዩኝ ይገሥጹኝ ነበር። እኔ ግን ልቅሶ ቤት ውስጥ ያደግሁ ነኝና፣ እንባዋን እየጠረገች ስለ ሟቹ ስስት ተረት የምታወራ አልቃሽ ኀዘኗ ሐሰት እንዳልሆነ ዐውቃለሁ፤ እንዲያውም ሟቹን ቅዱስ አድርገው ከሚያወድሱት ይልቅ እርሷ ሰውየውን በቁመቱ ታስበዋለች። የኤዲቲንግ ሙያ ያስተማረኝ፣ ለሞት የሚገባውን ክብር ሳልነፍግ ለሰው ሞኝነት ደግሞ ምሕረት ማድረግን ነው። ስለዚህ ሕዝብ በተሳሳተ ቦታ ሣቀብኝ ብሎ የሚያኮርፍ ኤዲተር፣ ታሪካዊ ድራማ ይሥራ፤ አውሬውንና ያላየውን ሰው ለእኛ ይተውልን።