ለሚመለከተው ሁሉ

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ልብ ወለድንና ሰነድን ለዩ» እያልኩ ብዙ ጠመኔ ጨርሻለሁ። ሁለቱ የተጋቡበት ዘውግ ግን አለ፤ የቪዛ ፋይል። በዚህ ከተማ እንደሱ ተጨንቀው የሚጽፉት፣ ማኅተም የሚደረድሩበት፣ ግን ሃያሲ ያላገኘ ጽሑፍ አላውቅም። እስቲ ዛሬ እኛ እናንብበው።

ለንግድ ጉዞ ከሆነ ገጸ ባሕርያቱ የታወቁ ናቸው። የጋባዡ ድርጅት ደብዳቤ፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የቤት ካርታ፤ ለሸንገን አገሮች ደግሞ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ። ሰውየው ለምን እንደሚሄድ የሚናገረው አንዱ ወይ ሁለቱ ነው። የቀረው ሁሉ ጭብጡ «እመለሳለሁ» ነው። የአሜሪካም ያው ነው፤ የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕጋቸው ለጉብኝትም ለንግድም የመጣውን ሰው «ሊቀር ነው» ብሎ ይነሣና፣ አለመሆኑን አንተው አስረዳ ይላል።

መካኒሳ የቆዳ ቦርሳ የምትሠራ አንዲት ጎረቤቴ አውሮፓ ለሚደረግ የንግድ ትርዒት ተጋብዛ «ጋሼ፣ እስቲ ደብዳቤዬን ይዩልኝ» አለችኝ። ጀርመን አደባባይ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ባንዱ የተጻፈ ነው። «ታዋቂውና አንጋፋው ድርጅታችን የባልደረባችንን ሙሉ ወጪ ይሸፍናል» ይላል። ድርጅቱ እሷ፣ ሥራ አስኪያጇ እሷ፣ ባልደረባዋም እሷ! ለራሷ ፈቃድ ሰጥታ፣ ለራሷ ዋስ ሆና፣ ስለራሷ በሦስተኛ መደብ ትመሰክራለች። ምን ታድርግ? የሰነዱ ዝርዝር አሠሪ ላለው ደመወዝተኛ የተሰፋ ልብስ ነው።

ባንኩ ደግሞ አለ። ስድስት ሠራተኛ የምታሳድርበት ገንዘብ ባንክ ውስጥ አይተኛም። ግማሹ ዕቁብ ላይ ነው፣ ግማሹ ቆዳ ሆኖ መጋዘን ተቀምጧል። ስለዚህ መካሪ አልጠፋም፤ «ከዘመድ ተበድረሽ ለአንድ ሳምንት አስገቢና ስቴትመንቱን አሳትሚ»። እውነተኛዋ ነጋዴ እውነተኛ ለመምሰል መዋሸት ሊኖርባት ነው።

የኛን ሰው ሳልነካ ባልፍ ግን ሃያሲ አይደለሁም። ሊቀር ቆርጦ «ለስብሰባ» የሚሄደው ሰው ፋይል ከሁሉም ያማረ ነው፤ አንባቢው ምን እንደሚወድ አውቆ የተጻፈ ነውና ምንም አይጎድለውም። ቀዳዳ የሚኖረው የሐቀኛው ፋይል ላይ ነው። ኤምባሲዎችም ይህን አያጡትም። መድኃኒቱ ምን ሆነ? ሌላ ወረቀት! በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 21 ቀን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን ለመመለስ በበቂ አልተባበረም ብሎ፣ መደበኛውን የቪዛ መወሰኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥ፣ ከሰነዶቹም አንዳንዱን ምሮ ማለፍ እንዳይቻል አደረገ። መንግሥታት ተኳርፈው ቅጣቱን የምትከፍለው ቦርሳ ሰፊ ናት።

ደብዳቤውን አብረን ከለስነው። «ታዋቂና አንጋፋ»ን ሰረዝኩ። ስለ ዕቁቡ አንድ አንቀጽ አስገባን፤ ስንት ሰው እንዳለበት፣ በየስንት ጊዜው እንደሚወጣ። የሽያጭ ደረሰኞቿንም አባሪ አደረግን። የጽሕፈት ቤቷ ልጅ «ኧረ ኤምባሲ ዕቁብ አያውቅም!» ብትላት፣ «እኔስ ባንኩን መች አወቅሁት?» ብላ መለሰችላት።

መልሱ የመጣው ትርዒቱ ካለቀ በኋላ ነው። ምክንያቶቹ አስቀድመው የታተሙበት ቅጽ ነው፤ ለመመለስ ባላት ፍላጎት ላይ ምክንያታዊ ጥርጣሬ አለ ከሚለው ፊት ምልክት ተደርጎበታል። እኔ ለደካማ ተማሪ ድርሰት እንኳ ሁለት መስመር እጽፍ ነበር። ከዕቁቡና ከደረሰኙ የትኛው እንዳላሳመነ ከአንድ ምልክት ማን ያውቃል?

ሕጉ ይግባኝ ይፈቅዳል። ወረቀት ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ በዚህኛው እንኳ ‹ባልደረባችን› አልባልም» አለችኝ። «እኔ» ብለን ጀመርን።