አደይን በኅዳር

በመስከረም እንጦጦ የወጣ ሰው ሁሉ አደይ አበባን አውቃታለሁ ይላል። እኔም እል ነበር። ቢጫ ናት፣ ክረምቱ ሲያባራ ትፈካለች፣ ልጆች ከቄጠማ ጋር አስረው ይሸጧታል፤ ከዚህ በላይ ምን ቀረ? ዕፅዋት መሰብሰብና መለየት እንጀራዬ ከሆነ ወዲህ ግን «ይቺ አደይ ናት አይደል?» ሲሉኝ «አዎ» ከማለቴ በፊት ቆም እላለሁ። አደይ የወቅት ስም ነው። አገሬው ሜዳውን የሚያለብሰውን ቢጫ ባንድ ስም ጠርቶ ተገላገለ፤ መዝገብ የሚይዝ ሰው ግን በዚያ ስም ሥር ከአንድ በላይ ዝርያ ያገኛል፣ ሁሉም ከሩቅ መንታ የሚመስሉ።

ችግሩ የሚጀምረው «አንድ አበባ» ብለን የምንቀጥፈው አንድ አበባ አለመሆኑ ላይ ነው። አንዱን ራስ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁት። ዳር ዳሩን የተዘረጉት ቢጫ ምላሶች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው። መሐል ላይ የታጨቁት ነጠብጣቦችም እንዲሁ፤ ጠጋ ብለው ሲያዩአቸው አምስት ጥርስ ያላቸው ጥቃቅን ቱቦዎች ናቸው። በየቱቦው ግርጌ አንድ ፍሬ፣ በፍሬዎቹ መካከል ስስ ገለባ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ጉባኤውን አቅፎ የያዘ የቅርፊት መቀነት። ኑግ፣ ሱፍ፣ ግራዋና ሰላጣ የሚገኙበት ይህ ቤተሰብ በዓለም ላይ ከ23 ሺህ በላይ ዝርያዎች አሉት፤ በጥቅሉ አበባቸውን የሚሠሩት ጥቃቅን አበቦችን ባንድ ራስ አጭቀው ነው። ስለዚህ ቀለምና መልክ እዚህ ቤት ብዙም አይመሰክሩም።

መጀመሪያ የማጣራው መጭን ነው። መጭ የኑግ የዱር ዘመድ ነው፤ በየማሳው ዳር ከአደይ ጋር ተቀላቅሎ ያብባል፣ ከመኪና መስኮት ለሚያይ ሰው ደግሞ ያው አደይ ነው። አንዱን ቢጫ ምላስ ነቅዬ ግርጌውን አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር አያለሁ። ከጉሮሮው ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ክር ብቅ ካለ መጭ ወይም ኑግ ነው፤ ያ ክር የሴቴ ብልቱ ነው፣ ምላሱም ፍሬ ይሰጣል። በአደይ ግን ምንም የለም። የአደይ ምላስ ንብ ለመጥራት የተሰቀለ ባንዲራ ነው፤ ራሱ መካን ነው። ካላመንኩ የአበባውን ራስ ገልብጬ መቀነቱን አያለሁ፦ የኑግና የመጭ የውጪ ቅርፊቶች ሰፋፊ፣ ቅጠል መሳይና አምስት ናቸው፣ የአደይ ግን ቀጫጭን። (ይህ የኑግ ወገን በሳይንስ ስሙ ጊዞትያ ይባላል፤ ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ካሲኒ በታሪክ ጸሐፊውና በፖለቲከኛው በጊዞ ስም ሰይሞት ነው። የኛ ኑግ የፓሪስ ፖለቲከኛ ስም ተሸክሞ መኖሩ ሁሌ ያስቀኛል።)

ሰሜን ሸዋ አንድ ቀን ኑግ የሚያበጥሩ እናት አግኝቼ፣ መነጽሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ፣ «እማማ፣ መጩን ከኑጉ በምን ይለዩታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና «በወንፊት ነዋ ልጄ!» አሉ። የመጭ ፍሬ ከኑግ ያንሳል፤ ሾልኮ ይወርዳል። ያን ቀን መነጽሬን ኪሴ ከተትኩት።

መጩ ከወጣ በኋላ አደይን ከአደይ መለየት ይቀራል፤ እኔን ያሳፈረኝ ይሄኛው ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት በሱሉልታ በኩል ከአንድ ገደል አፋፍ በመስከረም አጋማሽ ያማረ ናሙና ሰበሰብኩ። በጋዜጣ መካከል አድርጌ ተጫንኩት፣ ወረቀቱን በየቀኑ ቀየርኩ፣ ቢጫው እንኳ አልጠፋም። ከዚያ የዕፅዋት መለያ መጽሐፉን ከፈትኩ። ገና ሁለተኛው ጥያቄ ላይ «የበሰለው ፍሬ ጠርዙ እንዴት ነው?» ይላል። የኔ ናሙና የበሰለ ፍሬ የለውም፤ ገና ሙሽራ ነው። በኅዳር ተመልሼ ሄድኩ። ገደሉ ለከብት መኖ ታጭዶ ነበር። ያ ናሙና እስከ ዛሬ ስም የለውም። ከዚያ ወዲህ በመስከረም ያነሳሁት ተክል ባለበት ቦታ በቀሩት እኩዮቹ አንገት ላይ ቀይ ክር አስራለሁ፤ አጫጁንም ሻይ ጋብዤ እማጸናለሁ።

ፍሬው እጅ ከገባ ነገሩ ይከፈታል። አደይ ተብለው ከሚጠሩት አንዷ በሳይንስ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ናት፤ ማክሮፕቴራ በግሪክኛ ባለ ትልቅ ክንፍ ማለት ነው። ፍሬዋን በመቆንጠጫ ይዤ ወደ ፀሐይ ሳነሳው ከጥቁሩ አካል ግራና ቀኝ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ጠርዝ ይታያል። ሌላዋ ቢደንስ ፓኪሎማ ናት፤ ስሟ ወፍራም ጠርዝ ማለት ነው። አንዷ ጥበቧ ስስ፣ አንዷ ወፍራም። አበባ ላይ ሳሉ እኔ ልለያቸው አልደፍርም፤ ሲደርቁና ማንም ዞር ብሎ ሳያያቸው ግን ስማቸውን ጠርዛቸው ላይ ጽፈው ይቆማሉ። ጀማሪ ሁሉ ቅጠል ላይ ይንጠለጠላል፤ ቅጠል ግን አፈሩ ከወፈረ ይሰፋል፣ ድንጋያማ ከሆነ ይከሳል፣ አያስተማምንም።

ቢደንስ ራሱ በላቲን ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ነው፤ የዕፅዋት ሊቁ ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ስም ነው። ጥርሱን ማየት የፈለገ ግን ጨጎጊትን ይይ። ያ ነጠላና ካልሲ ላይ የሚሰካው ጥቁር መርፌ፣ ከአሜሪካ መጥቶ ዓለምን ያዳረሰው አረም፣ የአደይ የአንድ ወገን ልጅ ነው። በመነጽር ስታዩት ጥርሶቹ ላይ ወደ ኋላ የተመለሱ ጥቃቅን እሾሆች አሉት፤ ሲገባ በቀላሉ፣ ሲወጣ በግድ። በዓል የምናደምቅበትና ልብሳችንን እያራገፍን የምንረግመው የአክስት ልጆች ናቸው።

የመጻሕፍቱ ነገርም ቀላል አይደለም። የድሮ ሊቃውንት ከእነዚህ ዝርያዎች አንዳንዶቹን ኮርዮፕሲስ ከሚባለው ወገን ቆጥረዋቸው ነበር፤ ድንበሩ ያኔም አከራካሪ ነበር። የኛን ያስተካከሉት በዋናነት የዕፅዋት ሊቁ መስፍን ታደሰ ናቸው፦ በ1984 እ.ኤ.አ. የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን ቢደንስ በኡፕሳላ፣ በ1993 የመላ አፍሪካን፣ በ2004 ደግሞ «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» ከተባለው የዕፅዋት መዝገብ የዚህን ቤተሰብ ሙሉ ቅጽ አሳተሙ። ያ ቅጽ በጠረጴዛዬ ላይ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ተይዟል።

በዚህ መስከረም አደይን ፎቶ የምታነሱ ከሆነ አንዱን ራስ ገልብጣችሁ መቀነቱንም አንሱ፤ ቦታውን ምልክት አድርጉና በኅዳር ተመለሱ። ሁለት ሦስት የደረቀ ራስ ይበቃል። በወረቀት ፖስታ ያዙት፤ በላስቲክ ከያዛችሁት ይሻግታል።